ኤድስገር ዳይክስትራ፦ ከሃያ ደቂቃ ስሌት እስከማያልቀው ጥገና

በዲፓርትመንታችን ውስጥ የዳይክስትራን ስም ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አልጎሪዝም ስንማር አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ሴማፎር ሲነሣ ይደገማል፣ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን ግን ስሙን የያዝነው ለፈተና ነው። ክቦቹን ሥለን፣ መስመሮቹ ላይ ቁጥር ጽፈን፣ ሰንጠረዡን ሞልተን እንወጣለን። ሰውዬው ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ የላብ ሥራ ነው። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ጭነን፣ ኤፍአርአር የሚባለውን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የራውቲንግ ሶፍትዌር አስገብተን፣ በኦኤስፒኤፍ ፕሮቶኮል መንገድ እንዲለዋወጡ አዘዝናቸው። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ጎረቤት መሆናቸውንም አወቁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ንቅንቅ አላሉም። እኛም ከሰዓቱን ሙሉ የአጭር መንገድ አልጎሪዝሙ የተጻፈበትን ፋይል ስንበረብር ዋልን። ጥፋቱ የተገኘው ግን ሌላ ቦታ ነው። የአንደኛው ኔትወርክ ካርድ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ትልቁ ፓኬት 1500 ባይት፣ የሌላኛው ደግሞ 1400 ባይት ተብሎ ተሞልቶ ኖሯል። በዚህ ምክንያት ባለ 1400ው የጎረቤቱን መልእክት አልቀበልም እያለ ይጥለዋል። ካርታ መለዋወጥ ስላልጀመሩ የዳይክስትራ አልጎሪዝም ገና ሥራ እንኳን አልጀመረም ነበር። ለካ ሰውዬውን በከንቱ ስንጠረጥረው ነው የዋልነው! ስለ ሕይወቱ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድስገር ዊበ ዳይክስትራ ሜይ 11 ቀን 1930 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፣ እናቱ ደግሞ ምንም እንኳን ተቀጥረው ባይሠሩበትም የሒሳብ ሰው ነበሩ። የሒሳብን ውበት፣ ማለትም ረጅምና የተወሳሰበ መፍትሔ ሲመጣ መጠርጠርን፣ የተማረው ከእናቱ እንደሆነ በኋላ ይናገር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ሕግ አጥንቶ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መወከል ያምረው ነበር። ውጤቱ በሳይንስ በጣም ከፍተኛ ስለነበረ ግን ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብና ፊዚክስ ያዘ።

በ1951 አባቱ የአንድ ማስታወቂያ ነገር አዩ፤ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ የሦስት ሳምንት የፕሮግራሚንግ ኮርስ ይሰጣል። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነው፤ የካምብሪጁን ማሽን የሠሩት እነ ሞሪስ ዊልክስ ነበሩ። ልጁ ሄዶ ተማረ። ስለ ኮርሱ የሰሙት የአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከሉ ቫን ዋይንጋርደን ሥራ ሰጡት፤ ከማርች 1952 ጀምሮም ሆላንድ ውስጥ በፕሮግራመርነት የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሥራውን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል፤ የኋላ ሰውነቱ የተሠራው እዚህ ነውና። ማሽኖቹን የሚገነቡት ሎፕስትራና ስኾልተን የሚባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ነበሩ። ማሽኑ ሳይሠራ በፊት ዳይክስትራ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ያ ጽሑፍ በሁለቱ ወገኖች መሐል እንደ ውል ይቆጠራል። እነሱ በውሉ መሠረት ማሽኑን ይሠራሉ፣ እሱ በውሉ መሠረት ፕሮግራሙን ይጽፋል። ልብ በሉ፤ የሚጽፈው ገና ለሌለ ማሽን ነው። እንደ እኛ ጽፎ፣ ራን አድርጎ፣ ስሕተቱን አይቶ፣ አስተካክሎ እንደገና ራን ማድረግ የሚባል ነገር የለም። በወረቀት ላይ ትክክል መሆኑን ካላረጋገጠ መሞከሪያ የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ዲባግ ማድረግን እንደ ሽንፈት የቆጠረው አለምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ በ1955 ገደማ ልቡ ተከፈለ። ፊዚክስ የተከበረ ሙያ ነው፤ ፕሮግራሚንግ ግን ምንድን ነው? ሐኪም መሆን ያልቻለ ሰው እንደሚባለው ዓይነት ነገር ሆኖ ታየው። ቫን ዋይንጋርደን ዘንድ ሄዶ ጭንቀቱን ነገራቸው። እሳቸውም ሙያው ገና ሙያ አለመሆኑን አልካዱም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሮች መጥተዋል አይሄዱም፣ ታዲያ ሙያውን የሚያስከብረው ሰው ለምን አንተ አትሆንም በሚል መንፈስ መለሱለት። ከቢሯቸው ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። በነገራችን ላይ በ1957 ሪያ ዴቤትስን ሲያገባ በጋብቻ ቅጹ ላይ ሙያ በሚለው ቦታ ፕሮግራመር ብሎ ቢሞላ የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ የሚባል ሥራ የለም ብሎ መለሰው። ቲዎሬቲካል ፊዚሲስት ብሎ ጽፎ ተጋባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1956 የሒሳብ ማዕከሉ አርማክ የሚባል አዲስ ማሽን ሊያስመርቅ ነው። እንግዶቹ የሒሳብ ሰዎች አይደሉም፤ ስለዚህ ጥያቄውም መልሱም ለማንም የሚገባ ማሳያ ያስፈልጋል። ዳይክስትራ የመረጠው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ አጭሩ መንገድ የቱ ነው የሚለውን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከእጮኛው ከሪያ ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ዞረው ደክሟቸው አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጡ ተቀመጡ። እዚያው፣ ወረቀትም እርሳስም ሳይዝ፣ በሃያ ደቂቃ ያህል ውስጥ መፍትሔው በአእምሮው ተሠርቶ አለቀ። ወረቀት አለመኖሩ ጠቀመኝ ይል ነበር፤ በጭንቅላት ብቻ የሚሠራ ሰው የተወሳሰበውን ሁሉ ለመተው ይገደዳልና።

አልጎሪዝሙን ሁላችንም ሸምድደነዋል፤ ግን ለምን ትክክል እንደሆነ እናስታውሳለን? ከሮተርዳም ተነሥተን ግሮኒንገን መድረስ እንፈልጋለን እንበል። ርቀታቸው ገና ካልተቆረጠላቸው ከተሞች ውስጥ ለሮተርዳም የሚቀርበውን እንመርጣለን። ያ ርቀት የመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም በሌላ በኩል ዞረን ብንመጣ የግድ ከእሱ በራቀ ከተማ ማለፍ አለብን፣ ከዜሮ በታች የሆነ መንገድ ደግሞ የለም። ከዚያ በዚህ ከተማ በኩል ወደ ጎረቤቶቹ ብንሄድ ይቀርብ እንደሆነ እናስተካክላለን፤ ቀጥለን የሚቀጥለውን ቅርብ እንቆርጣለን። አንዴ የተቆረጠ ተመልሶ አይነካም። በቃ ይኸው ነው። ለምርቃቱ ማሳያ የሆላንድን መንገዶች ወደ 64 ከተማ አሳንሶ ወሰደ። ለምን 64? አንድን ከተማ በስድስት ቢት ብቻ ለመጻፍ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ማሽን ላይ እንደገና እናገኛታለን።

የሚገርመው መፍትሔው ሦስት ዓመት ሳይታተም ቀረ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ሒሳብ ተብሎ አይቆጠርም ነበር፤ የመንገዶቹ ብዛት ውስን ከሆነ ከውስጣቸው አጭሩ መኖሩ የታወቀ ነው፣ ታዲያ ምን የሚጻፍ ነገር አለ ይባላል። በ1959 ኑመሪሸ ማቴማቲክ በሚባለው የጀርመን መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ በሦስት ገጽ ወጣ። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ነጥቦችን በጥቂት ሽቦ የማገናኘት ጥያቄም አለ፤ የመጣው የሌላ ማሽን ጀርባ ላይ የሚባክነውን የመዳብ ሽቦ ለመቆጠብ ነው። እሱን ፕሪም የሚባል አሜሪካዊ በ1957 ቀድሞ አሳትሞት ነበር፣ ከሁለቱም በፊት ደግሞ ያርኒክ የሚባል የቼክ ሰው በ1930 ደርሶበታል።

በዚያው በ1959 የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው በኢንተራፕት ላይ በሠራው ሥራ ነው። ኤክስዋን የተባለው ማሽን ዕቃዎቹ በፈለጉት ሰዓት ፕሮሰሰሩን ማቋረጥ እንዲችሉ ተደርጎ ተሠራ። ዳይክስትራ መጀመሪያ ፈራው። መቋረጡ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ አንድ ጊዜ የታየ ስሕተት ሁለተኛ ላይታይ ይችላል፤ ያልተደገመ ስሕተት ደግሞ በምን ይያዛል? ኔትወርክ ላይ የሠራ ሰው ይህ ስጋት ወዲያው ይገባዋል። ፓኬቶች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚደርሱ ማን ያውቃል? ትናንት የወደቀው ራውተር ዛሬ ስትፈትሸው ጤነኛ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ቀጥሎ የመጣው የአልጎል 60 ኮምፓይለር ነው። ከባልደረባው ዞነፌልድ ጋር ሥራው ሳያልቅ ጢማችንን አንላጭም ብለው ተማማሉ። ኮምፓይለሩ በኦገስት 1960 አለቀ፤ ዞነፌልድ ተላጨ፣ ዳይክስትራ ግን ጢሙን እንደያዘ ቀረ። ፎቶግራፎቹ ላይ የምናየው ጢም የዚያ መሐላ ትርፍ ነው።

በ1962 አይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ሄደ። እዚያ በአማካይ ግማሽ ጊዜያቸውን ብቻ የሚሰጡ ስድስት ሰዎች ባሉበት ቡድን፣ ኤክስኤይት በሚባል ማሽን ላይ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠራ። ሴማፎር የመጣው ከእነዚያ ዓመታት ነው። ሲስተሙ በደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ነበር፤ የታችኛው ደረጃ ትክክለኛነቱ ሳይረጋገጥ በላዩ ምንም አይጫንም። በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው በሙከራ ጊዜ የተገኙት ስሕተቶች ተራ የአጻጻፍ ስሕተቶች ብቻ ነበሩ፤ በ500 ትእዛዝ አንድ ያህል ሲሆን እያንዳንዱም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተገኝቷል። እኛ በ500 መስመር ስንት እንደምናገኝ ባልናገር ይሻላል።

ሰዎች ከዚያ ጽሑፍ የሚጠቅሱት ይህንን ኩራት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ወደ መጀመሪያው አካባቢ ያሰፈረው ኑዛዜ ነው። ሁለት ከባድ ስሕተት ሠርተናል ይላል። አንደኛው፣ ለረጅም ጊዜ ያሰቡት ምንም ስለማይበላሽ ፍጹም ማሽን ብቻ ነበር። አንድ ዕቃ ቢሰበር ምን እናደርጋለን የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ሲመጣ ብዙ አለፋቸው፤ ጭራሽ ችግሩን ያባባሰው ቀድሞ የረቀቁበት ብልሃት ነበር። ሁለተኛው፣ አብዛኛውን ሲስተም የነደፉትና የጻፉት እንዴት ዲባግ እንደሚደረግ ብዙም ሳያስቡ ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጉዳት አላደረሰም፤ እንዲያውም ሳይጠቅም አልቀረም የሚል ይመስላል። የመጀመሪያው ግን ጉዳት አድርሷል። ነገሮች ሲሰበሩ ምን ይሆናል? ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ጎቱ የሚባለውን ትእዛዝ ተቃውሞ በ1968 የጻፈውን ደብዳቤና በ1972 የተቀበለውን የቱሪንግ ሽልማት ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ስለ ስሕተት የነበረውን አቋም ግን መዝለል አልችልም። ሙከራ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ አለመኖሩን በፍጹም ሊያሳይ አይችልም ባይ ነው። ባግ የሚለውን ቃልም አይወደውም ነበር፤ ፕሮግራመሩ ሳያይ ራሱ ሾልኮ የገባ ያስመስላልና ስሕተት ተብሎ ይጠራ ይላል። እኛ ዘንድ ቃሉ ላብ ውስጥ በግ እየተባለ ይቀለድበታል፤ ሳስበው ቀልዱ ለእሱ ይመቸዋል። በጉ የሰው ማሳ ገብቶ ሲበላ የሚጠየቀው እረኛው እንጂ በጉ አይደለም።

አሁን አሜሪካ እንሂድ፤ እሱ ሳይሆን አልጎሪዝሙ ሄዷል። ኢንተርኔት የተወለደበት አርፓኔት በ1969 ሲጀምር እያንዳንዱ ኖድ የርቀት ሰንጠረዡን ለጎረቤቶቹ ብቻ ይልክ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት የሰማውን ስለሚያምን መስመር መበጠሱ ሲወራ ወሬው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ፓኬቶችም ክብ ይዞራሉ። በሜይ 1979 ማክኲላን፣ ሪቸርና ሮዘን የሚባሉ መሐንዲሶች ዘዴውን ቀየሩት። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ኖድ ስለራሱ መስመሮች ብቻ ለሁሉም ያስታውቃል፤ ሁሉም የኔትወርኩን ሙሉ ካርታ ይይዛል፤ አጭሩን መንገድም በዳይክስትራ ስልት ራሱ ያሰላል። በካፌ በረንዳ የተወለደችው ስሌት ሃያ ሦስት ዓመት ቆይታ የኔትወርክ አንጎል ሆነች።

ካርታው ግን ትክክል መሆን አለበት። አንድ ማስታወቂያ ከሌላው አዲስ መሆኑ የሚታወቀው በተራ ቁጥር ነበር፤ ተራ ቁጥሩም ስድስት ቢት፣ ማለትም ከ0 እስከ 63 ነው። ይኸውላችሁ 64 ተመልሳ መጣች! ቁጥሩ 63 ሲደርስ ወደ 0 ስለሚዞር፣ የቱ አዲስ ነው የሚለው የሚወሰነው በክቡ ላይ በየትኛው በኩል እንደሚቀርብ ታይቶ ነው። ኦክቶበር 27 ቀን 1980 ሜሞሪው ቢት የሚጥል አንድ የታመመ ኖድ ሦስት ማስታወቂያ ኔትወርኩ ውስጥ ለቀቀ፤ ቁጥራቸው 44፣ 40 እና 8። በቢት ስትጽፉት ነገሩ ይገባችኋል፦ 101100፣ 101000፣ 001000። በየደረጃው አንድ አንድ ቢት እየወደቀች ነው። በደንቡ መሠረት 44 ከ40 አዲስ ነው፣ 40 ከ8 አዲስ ነው፣ 8 ደግሞ ከ44 አዲስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኖድ በእጁ ካለው የሚበልጥ አዲስ ማስታወቂያ መጣ እያለ ይቀበላል፣ ለጎረቤት ያስተላልፋል፣ ሌላው ይመጣል፣ እንደገና ይቀበላል። ማብቂያ የለውም። ፕሮሰሰሮቹ ሌላ ሥራ መሥራት አቃታቸውና አርፓኔት በሙሉ ለሰዓታት ቆመ። ኖዶቹን አጥፍቶ ማብራትም ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ሲነሣ ጎረቤቱ ያንኑ መርዝ መልሶ ያጠጣዋል። የተገላገሉት በየኖዱ ሶፍትዌር ላይ ከዚያ ምንጭ የመጣን ማስታወቂያ አትቀበል የሚል ማስተካከያ አስገብተው ነው።

የአልጎሪዝሙ ስሕተት ነበር? አልነበረም። በመስመር ላይ የሚያልፈው መልእክት እንኳ ቼክሰም ነበረው፤ ያልተጠበቀው ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው። ፍጹም ማሽን ታሰበ፣ ማሽኑ ግን ፍጹም አልነበረም። ይህ እኮ ዳይክስትራ በ1968 የተናዘዘው የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ደግሞም ሰውዬው ኑዛዜውን ተናግሮ አልተቀመጠም። በ1973 ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ለበሮውስ ኩባንያ ተመራማሪ ሆነ፤ ቢሮው ኑዌነን በምትባል መንደር ያለው ቤቱ ነበር። በኖቬምበር 1974 ሁለት ገጽ ያህል የምትሆን ጽሑፍ አሳተመ። ክብ ሠርተው የተያያዙ ማሽኖች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚያየው ጎረቤቶቹን ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሚያዝ አለቃ የለም። እንግዲህ ሥርዓቱ ከማንኛውም የተበላሸ ሁኔታ ቢነሣ፣ ማንም ሳይነካው፣ በተወሰነ እርምጃ ውስጥ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር የሚመለስበት ደንብ ይቻላል ወይ? ይቻላል አለ፣ ሦስት መፍትሔም ሰጠ። ማረጋገጫውን ግን አላተመም፤ ያን ያደረገው በ1986 ነው። ጽሑፉ ዘጠኝ ዓመት ያህል የሚያነሣው ሰው ብዙም አልነበረም፤ በ1983 ሌዝሊ ላምፖርት በአንድ ጉባኤ ላይ ከዳይክስትራ ሥራዎች ሁሉ እጅግ የረቀቀው ይህ ነው የሚል ንግግር እስኪያደርግ ድረስ።

በዚያው በ1983 ራዲያ ፐርልማን የራውቲንግ ማስታወቂያ ቆሻሻ ቢገባበት እንኳ ራሱን እንዲያጸዳ የሚያደርግ ዘዴ አሳተመች። ዛሬ የምንጠቀምበት ኦኤስፒኤፍ ሁለተኛው ስሪቱ በ1998 ጸድቆ የወጣ ነው፤ የአርፓኔቱን ጠባሳ በየቦታው ታዩበታላችሁ። ተራ ቁጥሩ 32 ቢት ሆኗል፤ አይዞርም፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የድሮው ተሰርዞ እንደ አዲስ ይጀመራል። ማንኛውም ማስታወቂያ ዕድሜ አለው፤ ባለቤቱ በየ30 ደቂቃው ካላደሰው በአንድ ሰዓት ይሞታል። ራውተሩ ሜሞሪው ውስጥ ያስቀመጠውን ማስታወቂያ ቼክሰም በየአምስት ደቂቃው እንደገና ይፈትሻል፤ ካልገጠመ የራሱን ሜሞሪ መጠርጠር አለበት። እነዚህ ደንቦች በቀጥታ ከ1974ቱ ጽሑፍ ተቀድተዋል ለማለት አልደፍርም፤ መንፈሱ ግን ያው ነው። ስሕተት አይገባም ብለህ አትፎክር፣ ሲገባ የሚወጣበትን በር አዘጋጅ።

ይህን ሁሉ ደንብ ወደ ኮድ የቀየሩት ሰዎችስ? ኩኒሂሮ ኢሺጉሮ የሚባል ጃፓናዊ በ1996 ዜብራ የሚባል ኮዱ ክፍት የሆነ የራውቲንግ ሶፍትዌር ጀመረ። የዜብራ እድገት ሲዘገይ ሌሎች ኮዱን ወስደው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኳጋ ብለው ቀጠሉት። ኳጋ ማለት ከደቡብ አፍሪካ የጠፋ የሜዳ አህያ ዘር ነው፤ ስሙ ንግርት ሆነበት መሰለኝ፣ በተራው የሚላኩለት ማስተካከያዎች ሲጠራቀሙ በ2016 ገንቢዎች ተለይተው ኤፍአርአርን መሠረቱ፤ ይህም በ2017 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ይፋ ሆነ። በሌላ በኩል በርድ የሚባለው ሶፍትዌር የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕራግ በሚገኘው ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ፕሮጀክት ነው። አዎ፣ እንደኛ ተማሪዎች!

የእነዚህን ኮድ ከፍታችሁ ብታዩ አጭሩን መንገድ የሚያሰላው ክፍል ትንሽ ነው፤ እሱም ብዙ አይለወጥም። ቀሪው ተራራ ሌላ ነው። ከጎረቤት ጋር መተዋወቅ፣ ካርታውን ማመሳሰል፣ የማስታወቂያን ዕድሜ መቁጠር፣ የተሰላውን መንገድ ለከርነሉ ማስረከብ፣ አንድ መስመር ብልጭ ድርግም ሲል ስሌቱ በየቅጽበቱ እንዳይደገም ማዘግየት። ርዝመቱን ዋሽቶ የመጣ አንድ ማስታወቂያ የኦኤስፒኤፉን ፕሮግራም በሙሉ የጣለበት ጊዜ በኳጋም በኤፍአርአርም ታይቷል፤ ጠጋኞቹ ርዝመቱን ቀድሞ የሚፈትሽ ጥቂት መስመር ጨምረው ዘጉት። የጥገናው ሥራ ባብዛኛው እንዲህ ነው። ሎግ ማንበብ፣ የተያዙ ፓኬቶችን ባይት በባይት መቁጠር፣ ያልተደገመውን ስሕተት እስኪደገም መጠበቅ።

ዳይክስትራ ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር መገመት አይከብድም፤ ቀድሞ በትክክል የታሰበ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልፋት ባላስፈለገ ነበር ይላል። ለእኔ ግማሹ እውነት ነው። የርዝመቱ ፍተሻ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረበት፤ በጉ ማሳ የገባው እረኛው ስለተኛ ነው። ግማሹ ግን ልክ አይመስለኝም። የሌላ ኩባንያ ራውተር ደንቡን በተለየ መንገድ ተርጉሞ ቢልክ፣ ወይም እንደ እኛ ላብ አንዱ 1400 ብሎ ቢሞላ፣ የትኛው ማረጋገጫ ያስጥላል? እሱ ራሱም ይህን ያጣው አይመስለኝም፤ የ1974ቱን ጽሑፍ የጻፈ ሰው እኮ ነው። ግን ሲያስተምር የሚጮኸው ለመጀመሪያው ግማሽ ነበር፤ ሁለተኛውን በሁለት ገጽ ብቻ ሹክ ብሎ አለፈ።

በ1984 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ስለ ኮምፒውተር ይህን ያህል የጻፈ ሰው ራሱ ኮምፒውተር አይጠቀምም ነበር ቢባል ማን ያምናል? በኋለኛው ዘመኑ ለኢሜይልና ድር ለማየት አንድ ማኪንቶሽ ያዘ እንጂ ጽሑፎቹን የሚጽፈው በብዕር ነው። ከ1300 በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በስሙ ፊደላትና በተራ ቁጥር ይጠራሉ። ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለጥቂት ወዳጆች ይልካል፣ እነሱም ኮፒ አድርገው ለሌሎች ያስተላልፋሉ። እንደ ኦኤስፒኤፍ ማስታወቂያ ማለት ነው፤ ተራ ቁጥር አለው፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ ለዚያውም ቁጥሩ አይዞርም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ሁሉንም ሰብስቦ ለማንም በነፃ ከፍቷቸዋል። የእጅ ጽሑፉን አይታችሁ ከሆነ ስርዝ ድልዝ የለበትም ማለት ይቻላል።

በ1999 ጡረታ ወጣ። ካንሰር ሲጠናበት በ2002 መጀመሪያ ላይ ከሪያ ጋር ወደ ኑዌነን ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ቀን በ72 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው 2002 ላምፖርት የተናገረለት ጉባኤ የከፍተኛ ተጽዕኖ ሽልማቱን ለሁለት ገጿ ለ1974ቱ ጽሑፍ ሰጠ። ከ2003 ጀምሮ ሽልማቱ የሚጠራው በዳይክስትራ ስም ነው።